የጋሪዋ ባዝራ ዘር

ፈጣሪዬን አስቀድሜ፣ ዛሬ ረቡዕ ሰኔ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በላይ ጋይንት ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ በሚገኘው ቤቴ፣ እኔ ታፈረ ጓዴ የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት ተናግሬ አጽፌያለሁ። ጉበቴ ታሟል፣ እግሬ አብጧል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ይህን የምለው የኑዛዜ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ የሚለውን አያውቅም» የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ እንደሚነዛ ደርሶኛል፤ የሚነዛውንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቃሌን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፣ በቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸውና፣ ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት እንዲፈትኑኝ ለመንኋቸው። ከደጄ እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ማሳ ከነባለቤቱ እንድጠራላቸው ጠየቁኝ። ጠራሁላቸው። አቶ ተሻገር «የእኔን ማሳ አሳነስኸው» ብሎ ተቆጣ። ማሳው ትንሽ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚህ ቤት ተሰብስበው የሚሰሙኝ እነዚህ ናቸው፤ ከሟቿ ባለቤቴ ከአሰለፈች የወለድኋት ብቸኛ ልጄ ሐረገ ወይን፣ የጡት ልጄ ፍሬው፣ ለምስክርነት የመጡት ደግሞ መሪጌታ ራሳቸው፣ ጎረቤቴ አቶ ተሻገር፣ የአሰለፈች ባልንጀራ የነበረችው ወይዘሮ ታደለችና የዕድራችን ዳኛ አቶ ዓለምነህ። ሐረገ ወይን ከአጠገቤ ተቀምጣለች። ፍሬው ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ብሎ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ይቁም።

በመጀመሪያ፣ የምኖርበትን ቤት፣ የእርሻ ይዞታዬን፣ በሬዎቼንና ጋሪውን ከነጠፍሩ ለሐረገ ወይን ሰጥቻለሁ። ልጄ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከባሏ ተለያይታ ወደ ቤቴ ከተመለሰች ወዲህ፣ ገብሱንና ባቄላውን በጋሪ ጭና ወደ ገበያ ስታመላልስ የኖረች እርሷ ናት። «ሴት ጋሪ ስትነዳ አየን» እያሉ መንገድ ዳር ቆመው የሳቁ ነበሩ። ዛሬ እነዚያው ሰዎች እህላችንን አድርሺልን እያሉ ደጇን ይጠናሉ። ልጄ ሆይ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አውድማ እንዳታርሺው፣ ባሕር ዛፍም እንዳትተክዪበት። ውርንጭሎቼ መጀመሪያ በክብ መዞርን የሚማሩት እዚያ ላይ ነው። መሬቱ ደልደል ብሎ ጠጥሯል፤ እንዲህ ያለ ቦታ በሰፈራችን ሌላ የለም።

ሁለተኛ፣ የአቶ ተሻገር ኮርቻ ይመለስለት። የተዋስሁት ለአንድ ጥምቀት ነበር። እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላስታወስሁትም፣ በዚህ መካከል ሁለታችንም አረጀን። ይህን ሳስጽፍ አቶ ተሻገር «ፈረሴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ምን ልጭንበት ነው?» አለ። ግድግዳህ ላይ ስቀለውና የጎበዝነት ዘመንህን አስታውስበት አልሁት። እርካቡን እኔ ነኝ ያስለወጥሁት፤ ስለ ትዕግሥቱ ምስጋና ይሁንለት።

ሦስተኛው የፈረሶቼ ነገር ነው። የጠራኋችሁም ለዚህ ነው።

እናንተ ብታውቁትም፣ ነገ ዳኛ ፊት ቢቀርብ እንዲገባው ከሥሩ ልናገር። የአገራችን ፈረስ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ለጉግስና ለሽምጥ ግልቢያ የሚወዳደረው የለም። ቀስ በል ሲሉት ቀስ ማለት ግን አይሆንለትም። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነበር። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ፣ ካህናቱ በጽናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ፣ ከፊት ሆኖ እግሩን በቀስታ እያነሣ የሚጥል፣ ከበሮው ሲዘገይ የሚዘገይ፣ ከበሮው ሲፈጥን ሳይሸሽ ባለበት የሚረግጥ ፈረስ ፈለግሁ። ሰው ሳቀብኝ። እኔም ሰው ሳቀ ብዬ ነገሬን የምተው አልነበርሁም።

እሜቴን ያገኘኋት ንፋስ መውጫ፣ ጋሪ ተራ ነው። ጋሪ ለመጎተት ተመርጦ ከተራባ ዘር የተወለደች፣ ደረቷ ሰፊ፣ ዳሌዋ ወፍራም ባዝራ ነበረች። እሜቴ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ለጋሪ ፈረስ የእመቤት ስም ሰጠ ተብሎም ተሳቀብኝ። ጌታዋ የነበረው ጋሪ ነጂ ሞቶ ነው የተሸጠችው። የዚያ ጋሪ ነጂ ልጅ ፍሬው ነው። እናትም አልነበረውም። ፈረሲቱን ይዤ ስወጣ ጭራዋን ጨብጦ ተከተለኝ፤ ቢያባብሉት፣ ቢቆጡት አልለቅም አለ። እቤት ስንደርስ አሰለፈች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሩ ላይ ቆማ አየችንና «ሁለቱንም አስገባቸው» አለችኝ። በአገራችን ወግ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አውራ ጣቴን ማር አስነክቼ አጠባሁት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የጡት ልጄ ሆነ። ከሐረገ ወይን ለይቼ ያበላሁት፣ ለይቼ ያለበስሁት ቀን የለም።

እሜቴን ከአገራችን ፈጣን ድንጉላዎች አስጠቃኋት፤ ከልጆቿም መርጬ እያስቀረሁ ዘሩን አቆየሁ። ከልጅ ልጆቿ አንዱ ሰንደቅ የሚባለው ዳማ ፈረስ ነው። ሌላይቱ ወለላ የምትባለው ባዝራ ናት። ፍጥነቱን ከአባቶቻቸው፣ ጉልበቱንና ትዕግሥቱን ከእሜቴ ወስደዋል።

የፈረስ አገራሬንም ላጽፈው፤ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር። ፈረስን ኮርቻ ከማሳየቴ በፊት ጋሪ አስለምደዋለሁ። ከዚያ ጋሪውን ገብስ ጭኜ ከቤቴ ወደ አቦ የሚወርደውን ቁልቁለት አስወርደዋለሁ። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው፣ ፈረሱ እንዳይወድቅ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ይቀመጥባቸዋል። ያን ጊዜ ፊቱ ይቀልለዋል፣ አንገቱም ይቀሰራል። ይህን በጅራፍ አላስተማርሁትም፤ ቁልቁለቱ አስተማረው። የኋላ እግሩን እንዲህ ያወቀ ፈረስ ኮርቻ ሲጫንበትና ዛቡ በሁለት ጣት ሲያዝለት፣ በከበሮ ድምፅ ባለበት ይረግጣል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የፊት ጉልበቱን አጥፎ ይሰግዳል። እንግዲህ ጋሪ ለፈረሶቼ ውርደት አይደለም፤ የተማሩበት ቤት ነው። ፍሬው ይህን ሁሉ የተማረው ከእኔ ነው፤ እጁም ከእኔ እጅ ይበልጣል። ዛሬ አዝኜበት እንኳ ይህን አልክድም።

በዚህ ዓመት ጥምቀት ፍሬው ሰንደቅ ላይ ተቀምጦ ከታቦቱ ፊት ሲሄድ፣ መሪጌታ ራሳቸው መቋሚያቸውን ጥለው አጨበጨቡ። መሪጌታ «መቋሚያዬን አልጣልሁም» ብለዋል፤ እንደ ቃላቸው ይጻፍ። ማጨብጨባቸውን ግን አልካዱም።

በዐቢይ ጾም በሽታዬ ጠናና ጠበል ወረድሁ። ስሄድ ሰንደቅን ለፍሬው አደራ ሰጠሁት። ያልሁት ቃል አንድ ነው፤ «ዘሩን ጠብቅልኝ»። እኔ ጠበል ላይ ሳለሁ የፈረስ ትርዒት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከባሕር ዳር መጥተው ሰንደቅን አዩት። ወደዱት። ነገር ግን ባዝራ ሲሸተው የሚያስቸግር ድንጉላ አንወስድም፣ የተኮላሸ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ፍሬውም ሰንደቅን አስኮላሸው።

ለትንሣኤ ተመለስሁ። ፈረሱ በረት ውስጥ ቆሟል። ሐረገ ወይን ወለላን ጋሪ ጠምዳ በአጠገቡ አለፈች። ድሮ እርሷን ሲያይ እያሽካካ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ፈረስ አንገቱን እንኳ አላነሣም። ጠጋ ብዬ በጭኖቹ መካከል አየሁ። ፍሬውን ጠርቼ «ምን ሆኖ ነው?» አልሁት። «ጋሬጣ ወግቶት ነው አባዬ» አለኝ። ጋሬጣ ግራና ቀኝ አስተካክሎ ይወጋል ወይ? ጉበቴ የዚያን ዕለቱን ያህል አሞኝ አያውቅም። እሜቴን ከገዛሁ ጀምሮ የደከምሁለት ዘር በአንድ ጧት ተቆረጠ፤ ሰንደቅ ወንድም የለውም፣ ከዚያ በፊትም ወንድ ልጅ አልወለደም።

ቢሆንም፣ ልጅ ነው፣ ያጠፋል፣ ይመለሳል ብዬ በሆዴ ያዝሁት። በግንቦት ደብረ ታቦር ላይ ትርዒት አለ ሲባል፣ ለእርሱ ሳልነግር ሐረገ ወይንን ተደግፌ በሚኒባስ ሄድሁ። ሰንደቅ አምሮበት ነበር፤ ይህን ሳልናገር ብሞት ሐሰተኛ እሆናለሁ። ባለበት ረገጠ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ሰገደ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ ለፍሬው ማይክራፎን ሰጥተው የፈረሱ ዘር ከየት ነው አሉት። «ከጥንት መኳንንት ጋጣ የወረደ ንጹሕ የኮርቻ ዘር ነው፤ በዘሩ ጋሪ የጎተተ የለም» አለ። ማን ገራው ሲሉት፣ «ራሴ ነኝ፤ አስተማሪ አልነበረኝም» አለ። እኔ ከገመዱ ወዲህ ከፊት ቆሜ ነበር። አየኝ። ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ተገናኘና ወደሚያጨበጭበው ሰው ዞረ።

እኔን መካዱስ ይሁን። እሜቴን ካዳት፤ ጭራዋን ይዞ ወደ ቤቴ የገባባትን ባዝራ። የወለደውንም አባቱን ካደው፤ የዚያ ሰውዬ እንጀራ ጋሪ ነበር።

እዚህ ላይ ፍሬው ልናገር አለ። መሪጌታ «ይጻፍ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የሚለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

«አባዬ፣ እርስዎ ጠበል ሳሉ ሰንደቅ ከተማ ውስጥ ባዝራ ሸተተውና ይዞኝ ገደል ሊገባ ነበር። ሰዎቹም በዚህ ጠባዩ አንወስደውም አሉ። እንዲህ ያለ ዕድል ዳግመኛ ከየት ይመጣል? ዕድሜ ልኬን አውድማ ስዞር ልኑር? ብጠይቅዎ ደግሞ እምቢ ይሉኝ ነበር።»

አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር። እምቢ ማለት የእኔ ነበረ፤ የወሰድህብኝ እሱን ነው።

«የጋሪውስ ነገር?» አለችው ሐረገ ወይን። «ፈረሱን ፈራህ እንበል። እሜቴን ምን ብለህ ካድሃት?»

«አንቺ ምን አለብሽ! ‹የጋሪ ነጂው ልጅ› እየተባልሁ ያደግሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ታደለች «እንዴ፣ ታዲያ ልጁ አይደለህ?» አለችው። እሷ በየዋህነት ነው የጠየቀችው፤ እርሱ ግን ፊቱን ወደ ደጅ መለሰ።

እንግዲህ ሰንደቅን ለፍሬው ሰጥቻለሁ። ፈረሱ እጁን ለምዷል፤ ሌላ ሰው ቢይዘው ይሰቃያል። ፍሬው፣ ስማኝ፤ የሚቆርጥ ልጓም አታግባበት፣ አፉ ስስ ነው። ከግልቢያ በኋላ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ አታጠጣው። የግራ የፊት ሰኮናው በክረምት ስለሚለሰልስ ኮረት ላይ ተጠንቀቅለት። ሲያረጅ አትሽጠው። ዘሩን ወስደህበታል፤ እርጅናውን ተውለት።

አሰለፈች በእጇ የጠለፈችው የኮርቻ ግላስ ግን ከሰንደቅ ጀርባ ይውረድ። ዓይኗ እስኪደክም የጠለፈችው ለታቦት ፊት እንጂ ለደብረ ታቦር ሜዳ አልነበረም። ለአቦ ሰጥቻለሁ፤ መሪጌታ ለከበሮው ልብስ ያድርጉት። ሐረገ ወይን ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ፤ ለእርሷ ልሰጣት አስቤ ነበር፣ ነገር ግን ጋሪ ላይ ግላስ አይጫንም ብላ ራሷ ናት የመከረችኝ።

የቀረችው ወለላ ናት። ወለላ ጸንሳለች። ሰንደቅ ከመኮላሸቱ በፊት፣ ጥር ላይ ከእርሱ የተጠቃች ናት። በአባትም በእናትም ከእሜቴ የሚወርድ ውርንጭላ በማኅፀኗ ይዛለች፤ ከሰንደቅ የሚወለድ ሌላ አይኖርም። የዕድሜዬ ድካም ተርፎ ያለው እዚያ ነው። ለማን ልስጣት? ሐረገ ወይን ጋሪ ትነዳለች እንጂ ፈረስ አትገራም። መግራት የሚችለው ከእኔ ቀጥሎ ፍሬው ብቻ ነው። ሙያዬ ያለው በካደኝ ሰው እጅ ውስጥ ነው፤ ከበሽታዬ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ብዙ አሰብሁና እንዲህ ቆረጥሁ። ስሞት አስከሬኔ ከቤቴ በትከሻ አይውጣ። ከደጄ እስከ አቦ ደጀ ሰላም ድረስ ወለላ በጋሪ ታውርደኝ። ጋሪውን ፍሬው ይንዳው፤ ፈረሶቼ በተማሩበት በዚያው ቁልቁለት፣ አገሩ ሁሉ እያየው፣ ዛቡን ይዞ ይቀመጥ። ይህን ካደረገ ወለላ ከነጽንሷ የእርሱ ናት፤ የደብረ ታቦሩንም ይቅር ብዬዋለሁ።

መሪጌታ ብዕራቸውን አቆሙ። «አቶ ታፈረ፣ ክርስቲያን የሚሸኘው በሰው ትከሻ ነው። ጋሪ የእህል መጫኛ ነው።»

«አሁንማ እኔስ ከአንድ ጆንያ ገብስ እበልጣለሁ ብለው ነው?» አልኋቸው።

አልሳቁም። አቶ ዓለምነህ ጣልቃ ገብቶ «ዕድሩ ከደጀ ሰላሙ ይቀበለው፤ ከዚያ ወዲያ በትከሻ ይሁን» አለ። መሪጌታም በዚህ ተስማምተው ጻፉ።

ከዚያ ወደ ፍሬው ዞርሁ። ነገሩ ከሞትሁ በኋላ እንዲያጨቃጭቅ ስላልፈለግሁ አሁኑኑ በምስክር ፊት ጠየቅሁት፤ «ትነዳለህ ወይስ አትነዳም?» ሐረገ ወይን «በል እንጂ ወንድሜ፤ አንድ ቁልቁለት ናት» አለችው። ወለላ የእርሷ እንድትሆን ሳይሆን ይህ ሰው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነበር የምትለምነው።

ፍሬው ከበሩ ተላቅቆ ወደ አልጋዬ መጣና ተንበረከከ። «አባዬ፣ እኔ ልሸከምዎ። ከደጅዎ እስከ መቃብርዎ ትከሻዬን ሳልቀይር እሸከምዎታለሁ። ጋሪውን ግን… የትርዒቱ ሰዎች ለለቅሶው መምጣታቸው አይቀርም። ሰው ምን ይለኛል?»

መሪጌታ፣ ይህን እንዳለ ይጻፉልኝ፤ አንድ ቃል አይጉደል። ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን መግለጽ አለበት ብለውኛል። ፍሬውን ከወለላና ከጽንሷ ነቅያለሁ። ምክንያቱን ራሱ አጽፏል።

ወለላ የሐረገ ወይን ናት። የሚወለደውን ውርንጭላ የሚገራው ሰው ላይገኝ ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ያንገበግበኛልም። በእናቱ በወለላ በሚያፍር ሰው እጅ ከሚያድግ ግን እህል ሲያመላልስ ይኑር።

ጋሪውን ሐረገ ወይን ትንዳው። በለቅሶዬ ላይ ሰንደቅ ተሸልሞ አይውጣ። እንደ ወጉ «የታፈረ ፈረስ» ተብሎ ሙሾ ይወጣለታል፤ ከዛሬ ወዲያ ግን የታፈረ ፈረስ አይደለም። ፍሬው ሊሸከመኝ ቢመጣ ማንም አይከልክለው። ከደጀ ሰላሙ ወዲያ ትከሻ ያስፈልጋልና፣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ተራውን ይያዝ።

ከዚህ ቀደም ስለ ንብረቴ የተናገርሁት ቃል ቢኖር በዚህ ተሽሯል። የተጻፈው ሁሉ በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን ሰምቼና አምኜ ፈርሜበታለሁ።

ኑዛዜ ሰጪ፦ ታፈረ ጓዴ፣ ፊርማ

ጸሐፊና ምስክር፦ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፣ ፊርማ

ምስክር፦ አቶ ተሻገር አወቀ፣ ፊርማ

ምስክር፦ ወይዘሮ ታደለች፣ የጣት አሻራ

ምስክር፦ አቶ ዓለምነህ፣ የዕድር ዳኛ፣ ፊርማ

ፍሬው ንባቡ እስኪያልቅ ቆሞ ሰምቷል፤ እንዲፈርም አልተጠየቀም።